ቁጥሩ ሲዋዥቅ ለምትደነግጡ የላብ ልጆች

ልጆች፣ አንድ ሳምፕል የጨረር ዲቴክተሩ ስር አስቀምጣችሁ የሚወጣውን ጨረር አስር ደቂቃ ቆጥራችሁ 330 መጣ፣ ምንም ሳትነኩ ስትደግሙት 311 ሲመጣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» እያላችሁ ቴክኒሻን ፍለጋ አትሩጡ። ምንም አልተበላሸም። ራዲዮአክቲቭ አቶም የሚፈርስበት ቀጠሮ የለውም፣ ጎረቤቱ ፈረሰ አልፈረሰ ግድ አይሰጠውም። ባህር ዳር መንገድ ዳር ቆማችሁ ባጃጅ ብትቆጥሩ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ነው የሚመጣው፣ ሰው ያለበትን አይተው ይከማቻሉ፣ አቶሞች ግን እንደዛ የላቸውም፣ እያንዳንዱ በራሱ ነው፣ በዚህ ምክንያት ቁጥራቸው ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ራሱ አስቀድሞ ይታወቃል፣ የቆጠራችሁት ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው በቃ። 100 ከቆጠራችሁ 10 ያህል ወዲህ ወዲያ ይላል፣ አስር ፐርሰንት ማለት ነው። 10,000 ከሆነ 100፣ አንድ ፐርሰንት። ኤረሩን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መቁጠር ነው፣ አቋራጭ የለውም።

ራዘርፎርድና ጋይገር በ1910 እ.ኤ.አ. ከፖሎኒየም የሚወጣውን አልፋ የሚባል ጨረር ጊዜውን 7.5 ሰከንድ 7.5 ሰከንድ ከፋፍለው 2,608 ጊዜ ቆጥረዋል። አማካዩ 3.87 ገደማ ነበር፣ 57 ጊዜ ግን ምንም አልታየም። ዜሮ! ያኔ እኮ ቆጣሪው ስክሪን ላይ ብልጭታ የሚጠብቅ የሰው አይን ነው፣ እርስ በርስ ሳይጠባበቁ የሚመጡ ነገሮች እንዴት እንደሚዋዥቁ ከሚተነብየው የፖይሰን ስሌት ጋር ሲያስተያዩት ግን ጥሩ አድርጎ ገጠመ።

እኔን የሚያስፈራኝ የማይዋዥቅ ቁጥር ነው። አስር ጊዜ ቆጠርኩ ብሎ 400፣ 401፣ 399፣ 400 እያለ ደርድሮ የሚያመጣ ልጅ አለ፣ 400 በተፈጥሮው 20 ወዲህ ወዲያ ማለት ሲገባው ይሄ እንዴት ተደርጎ ይሆናል? ወይ ሻይ ቤት ቁጭ ተብሎ የተጻፈ ነው፣ ወይ ዲቴክተሩ ጨረር ሳይሆን የመብራቱን ኖይዝ እየቆጠረ ነው። ካይ ስኩዌር ስሩበት (ቁጥሮቹ የሚጠበቀውን ያህል መዋዠቃቸውን የሚፈትሽ ስሌት ነው)፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞ ስኩዌር ሩቱ የሚወሰደው ከጠቅላላው ቆጠራ እንጂ ከደቂቃው ሬት አይደለም፣ በ10 ደቂቃ 400 ከሆነ በደቂቃ 40 ሲደመር ሲቀነስ 2 ነው፣ የ40ን ስኩዌር ሩት ወስዶ 6.3 የሚል ሪፖርት በየዓመቱ አያለሁ።

አሁን አሁን ብዙዎቻችሁ የጣናን ደለል መለካት ትፈልጋላችሁ፣ ደስ ይለኛል። ርብና ጉማራ፣ ግልገል አባይና መገጭ በየክረምቱ የሚያመጡትን አፈር ዳር ቆሞ በማየት ብቻ አይታወቅም፣ ጭቃው ውስጥ ያለው ሌድ-210 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ሌድ ግን ግማሽ እድሜው፣ ማለትም ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 22 ዓመት ገደማ ስለሆነ የመቶ ምናምን ዓመት ንብርብር ለመገመት ይረዳል። ችግሩ ታች በሄዳችሁ ቁጥር ሲግናሉ እየደከመ ይሄዳል። እንበል ሳምፕሉ በ10 ደቂቃ 330 ሰጠ፣ ባክግራውንዱ፣ ማለትም ሳምፕሉ ሳይኖር ከአካባቢው የሚቆጠረው፣ በ10 ደቂቃ 300። ልዩነቱ 30። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፣ ቁጥሩ ሲቀነስ ኤረሩም የሚቀነስ ይመስለዋል። አይቀነስም ልጆቼ፣ ይጨምራል እንጂ። 330 እና 300 ደምሩ፣ 630፣ ስኩዌር ሩቱ 25። እጃችሁ ላይ ያለው 30 ሲደመር ሲቀነስ 25 ነው። ይሄ ወደ እድሜ ሲቀየር በግምት 27 ዓመት ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ጭቃው በምኒልክ ጊዜ ይግባ በጃንሆይ ጊዜ መለየት አትችሉም ማለት ነው። ሎይድ ከሪ የሚባል ኬሚስት በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ልዩነቱ «በእርግጥ አለ» ለማለት ስንት መሆን እንዳለበት የሚናገር ቀመር አለ፣ ሁለቱ እኩል ጊዜ ከተቆጠሩ የባክግራውንዱን ስኩዌር ሩት በ2.33 አባዙት ይላል፣ እዚህ 40 ይመጣል። 30 ከ40 በታች ነው፣ ስለዚህ «አለ» ማለት አትችሉም፣ «የለም» ማለትም አትችሉም። ሁለቱንም መቶ መቶ ደቂቃ ብትቆጥሩና 3,300 እና 3,000 ቢመጣ ግን 300 ሲደመር ሲቀነስ 79 ይሆናል፣ አሁን የሚወራ ነገር አለ።

«መብራት እየጠፋ መቶ ደቂቃ እንዴት ይቆጠራል» የምትሉኝን አውቃለሁ። በአንዴ መሆን የለበትም እኮ! አስር ጊዜ አስር አስር ደቂቃ ቆጥራችሁ ብትደምሩት ስታቲስቲክሱ ያው ነው፣ እንዲያውም ይሻላል፣ አስሩን እርስ በርስ አስተያይታችሁ ማሽኑ መሀል ላይ ፀባይ መቀየር አለመቀየሩን ታያላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የዲቴክተሩ ቮልቴጅ እስኪረጋጋ ታገሱ፣ የተቋረጠችውን አንዷን ጣሏት፣ ዘጠኙ ይተርፋሉ።

ስኩዌር ሩት ግን ሁሉን አይሸፍንም። ዲቴክተሩን ካሊብሬት የምታደርጉበት፣ ማለትም መጠኑ በሚታወቅ ነገር የምታስተካክሉበት፣ ሲዚየም-137 ሰርተፊኬቱ 10 ዓመት ከሆነው የቀረው 79 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ይሄን ሳታርሙ ሚሊዮን ብትቆጥሩ በጣም ጥንቃቄ የተሞላበት የተሳሳተ መልስ ታገኛላችሁ። ጋይገር ቱቦ አንዱን ቆጥሮ ለሚቀጥለው እስኪዘጋጅ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ በሰከንድ 1,000 ካሳያችሁ ትክክለኛው ወደ 1,111 ነው። ባክግራውንድ ደግሞ ከውጭ መጽሐፍ ወይ ከጓደኛ ቴሲስ አይገለበጥም፣ እኛ ያለነው 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ሬይ ከባህር ወለል ይልቅ ይበዛብናል፣ መስኮቱ ተዘግቶ ያደረ ክፍል ደግሞ ሬዶን የሚባል ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ያጠራቅማል። በዛው ክፍል፣ በዛው ቀን ቁጠሩት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልዩነቱ ነጌቲቭ ሲመጣ፣ ሳምፕሉ 290 ባክግራውንዱ 300 ሲሆን፣ ኤክሴሉ ላይ ዜሮ አታድርጉት። «ጨረር ከዜሮ በታች የለም» ብሎ የሚቆጣ አማካሪ አይጠፋም፣ በአክብሮት አስረዱት። ሌድ የሌለባቸውን ሃያ ሳምፕሎች ብትቆጥሩ ግማሽ ያህሉ ነጌቲቭ ነው የሚሆኑት፣ እነሱን ዜሮ ካደረጋችሁ ፖዘቲቮቹ ብቻቸውን አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱትና የሌለ ሌድ ትፈጥራላችሁ። ነጌቲቭ 10 ሲደመር ሲቀነስ 24 ብላችሁ እንዳለ ጻፉት፣ አጠገቡ 290ውንና 300ውን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆጠራችሁ፣ መብራት ሄዶ ከነበረም ሰዓቱን ጨምሩ።