ይሄ 95 ፐርሰንት ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ ስለ ኩፍኝ ክትባት በተወራ ቁጥር 95 ፐርሰንት ልጆች መከተብ አለባቸው ይባላል። ለምን 80 አይሆንም? ለምንስ 100 አይሉም? የሶስት ልጆች እናት ነኝ፣ ሁሉንም አስከትቤያለሁ፣ ግን ቁጥሩን ዝም ብለው የጠሩት ነው የሚመስለኝ።

መልስ፦ ሰላም እህታችን፣ ዝም ብለው የጠሩት አይደለም፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ካለሽ አሁኑኑ ራስሽ ታወጪዋለሽ። ማንም ባልተከተበበትና ከዚህ በፊት ማንም ባልታመመበት ቦታ አንድ የኩፍኝ ታማሚ በአማካይ ከ12 እስከ 18 ለሚሆን ሰው ያስተላልፋል፣ እንደዚህ የሚዛመት በሽታ በጣም ጥቂት ነው። 18ን እንውሰድ። ወረርሽኙ እንዲከስም አንድ ታማሚ ቢበዛ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ማስተላለፍ ያለበት፣ ስለዚህ ከ18ቱ ሰዎች 17ቱ በሽታው የማይዛቸው መሆን አለባቸው ማለት ነው። 17ን ለ18 ስታካፍይው 94 ፐርሰንት ከምናምን ይመጣል፣ በ12 ካሰላሽው ደግሞ ወደ 92 ይጠጋል። በቃ ይሄው ነው። ያልሽው 80 ፖሊዮ ላይ ቢሆን ብዙም ሩቅ አልነበረም፣ ምክንያቱም እሱ የሚተላለፈው ከ5 እስከ 7 ለሚሆን ሰው ነው።

ሃሳቡ ደግሞ የቆየ ነው፣ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠውና በ1902 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ሮናልድ ሮስ ወባን ለማጥፋት ትንኝ በሙሉ ማለቅ የለበትም፣ ከሆነ መጠን በታች ከወረደ ይበቃል ብሎ በሂሳብ አሳይቷል።

100 ያልተባለው ለክትባቱ ገና ያልደረሱ ጨቅላዎችና በጤና ችግር መከተብ የማይችሉ ሰዎች ስላሉ ነው፣ እነሱን የምንከላከልላቸው እኛ የተከተብነው ነን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፣ ሁለት ዙር የተከተበ ሰው እንኳን ከ100ው ወደ 97ቱ ነው የሚከላከልለት፣ ስለዚህ 95 ፐርሰንት ቢከተብ በትክክል የተጠበቀው ወደ 92 ነው። ስለዚህ 95 ራሱ ጠባብ ነው፣ ትርፍ የለውም!

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን አማካዩ ነው። በአገር ደረጃ 95 ሞልቶም ያልተከተቡት ልጆች አንድ ሰፈር ወይ አንድ ትምህርት ቤት ተሰብስበው ከተገኙ እዛ ቦታ ቁጥሩ 60 ሊሆን ይችላል፣ ወረርሽኙም የሚነሳው እዛ ነው፣ ለዚህ ነው የስታቲስቲክስ ሰዎች መረጃው በየአካባቢው ተከፋፍሎ ይውጣ ብለው የሚጨቀጭቁት። ስለዚህ ቀጣዩን ጥያቄሽን ለልጆችሽ ትምህርት ቤት አቅርቢው፣ እዛ ካሉት ተማሪዎች ስንቱ ሁለቱንም ዙር ጨርሷል?