ስለ ራኩን ጠይቁኝ

አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ጣሪያ ስጠግን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ጣሪያ ልበለው እንጂ ግማሹ ሥራዬ ራኩን የሚባለው የዱር እንስሳ የቦረቦረውን መድፈን ነው። ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር፣ እናንተም አልሰሰታችሁም።

ጥ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በመስኮት ስታየው "ሸለምጥማጥ ነው" ብላ ደመደመች። ዘመድ ናቸው እንዴ?

መ፦ አልፈርድባቸውም። ጭራው ቀለበት ቀለበት አለው፣ በሌሊት ይወጣል፣ ዶሮም ይወዳል። የቅርብ ዝምድና ግን የላቸውም። ራኩን የአሜሪካ አህጉር ልጅ ነው፣ አፍሪካ ዱር ውስጥ የለም። መለያው ዓይኑ ላይ ያለው ጥቁር ጭንብልና መዳፉ ነው። ጭቃ ላይ ዱካውን ያየ ሰው ሕፃን ልጅ የዳኸበት ይመስለዋል።

ጥ፦ የቆሻሻ ቢናችንን ማታ ደጅ እናወጣለን። ጠዋት የዶሮ አጥንት መንገዱን ሞልቶት ጎረቤት ይገላምጠናል።

መ፦ ጠዋት አውጡት። ዋናው መልስ ይኸው ነው። ጠዋት ሥራ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ ክዳኑን መንጠቆ ባለው የላስቲክ ገመድ እሰሩት፤ አጥንትና የዓሣ ትርፍራፊውን ደግሞ በፌስታል ጠቅልላችሁ እስከ ማውጫው ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። የድመት ምግብ በረንዳ ላይ አይደር። ሚጥሚጣ ነሰነስን ያላችሁኝ አስቃችሁኛል፤ አንድ ዝናብ ያጥበዋል፣ ደግሞስ የቀይ ወጥ ትራፊ ሲልስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥ፦ ከኤፕሪል ጀምሮ ኮርኒሱ ላይ የሚራመድ ነገር አለ። ሰሞኑን ደግሞ እንደ ጫጩት የሚንጫጫ ድምፅ ተጨመረ። ቀዳዳውን አግኝቼዋለሁ፣ ዛሬ ልድፈነው?

መ፦ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትደፍነው! የምትሰማው ግልገሎቿን ነው። በጸደይ ትወልዳለች፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት፣ የሰው ጣሪያ ሥር ደግሞ ሞቃት ዋሻ ማለት ነው።

የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቤት ሄጄ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈንኩ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ሄድኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤትየዋ ደወሉ። "ጣሪያዬን እየበላው ነው!" ስደርስ እናትየው የጣሪያውን ልባስ ገነጣጥላ ግቢው ውስጥ በትናዋለች። ባትሪ ሳበራባት ዞር ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። መሰላል ስወጣ ነው ወደ ዛፉ የሸሸችው። ቆርቆሮውን ነቀልኩት። አራት ናቸው፣ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም፣ የጣሪያው ሙቀት መከላከያ ጥጥ ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ወፍራም ጓንት አድርጌ ካርቶን ውስጥ ከትቼ ቀዳዳው አጠገብ አስቀመጥኳቸውና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ጠበቅሁ። መጣች፤ ማጅራታቸውን በጥርሷ እየያዘች አንድ በአንድ ወሰደቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፀደይ እስከ በጋው አጋማሽ ጣሪያ ሥር ሳላይ የደፈንኩት ቀዳዳ የለም።

ስለዚህ ወይ ታገሥ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ሲሞላቸው እናታቸውን ተከትለው መውጣት ይጀምራሉ። ወይ አሰልቻት፦ ቀንና ሌሊት መብራት አብራ፣ ሰው የሚያወራበት ሬዲዮ ቀዳዳው አጠገብ ክፈትላት። ብዙውን ጊዜ ሌላ መደበቂያ አታጣም፣ ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ ቀዳዳውን በጋዜጣ ወትፈው። ጋዜጣው ሦስት ሌሊት ሳይነካ ካደረ፣ ገብተህም ባዶ መሆኑን ካየህ፣ በወፍራም የብረት ወንፊት ዝጋው። የሚነፋ አረፋ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ይቦጭቁታል። ጭስ ማውጫ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ እሳት አታንድዱ፤ ግልገሎቹ መውጣት ስለማይችሉ እዚያው ያልቃሉ።

ጥ፦ በጠራራ ፀሐይ ጓሮዬ ውስጥ አየሁት። አብዷል ማለት ነው?

መ፦ የግድ አይደለም። የምታጠባ እናት ሲርባት በቀንም ትወጣለች። የሚንገዳገድ፣ የኋላ እግሩን የሚጎትት፣ ሰው ሲቀርበው የማይሸሽ ወይም ያለምክንያት የሚያጠቃ ከሆነ ግን ልጆቹንና ውሻውን አስገቡና ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) የእንስሳት ቁጥጥር ደውሉ።

ጥ፦ ልጄን ጫረው። ቁስሉ ትንሽ ነው።

መ፦ ትንሽ ትልቅ የለውም። አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው፣ ከዚያ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሐኪሞቹ ያስፈልጋል ካሉ ከዚህ በፊት ላልተከተበ ሰው ቁስሉ ዙሪያ መከላከያ ይወጉና ክትባቱን በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በኋላ ባለው በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይሰጣሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ጠበል የሚወስዳችሁ ካለ፣ ከክትባቱ በኋላ ይውሰዳችሁ።

ጥ፦ በወጥመድ ይዤ ራቅ ያለ ፓርክ ብለቀውስ?

መ፦ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ክልክል ነው። ሕጉ ለክፋት አልወጣም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዳኞች ከደቡብ ግዛቶች ራኩን አምጥተው በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ ድንበር አካባቢ ለቀቁ። ከእነሱ ጋር የእብድ ውሻ በሽታው መጣና ምሥራቁን ዳርቻ አዳረሰው። ደግሞ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ነገ ሌላው ይገባልሃል።

ጥ፦ ዴካችን (የጓሮ የእንጨት በረንዳችን) ላይ አንድ ቦታ እየመረጠ ይጸዳዳል።

መ፦ ልማዱ ነው፣ አንድ ቦታ ይመላለሳል። በባዶ እጅ እንዳትነኩት፤ በኩሱ ውስጥ አእምሮና ዓይን የሚጎዳ የትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ ድፉበት። በረኪና እንቁላሉን አይገድለውም። የልጆች የአሸዋ መጫወቻ ካለ ክዳን ይኑረው።

ጥ፦ የበቆሎ እሸቴን ነገ እሰብራለሁ ብዬ ስተኛ እሱ ቀደመኝ።

መ፦ ሁሌም ይቀድማል። ከመሬት 15 እና 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ ዘርጉ፣ እሸቱ ከመድረሱ በፊት። ዶሮ ያላችሁም እግረ መንገዴን፦ ስሱ የዶሮ ሽቦ ይቀደዳል፣ ተራ መንጠቆም ይከፍታል።

ጥ፦ ጀርመን ካሰል ነው የምኖረው። እዚህም ሞልቷል። ስሙን "አጣቢ ድብ" ይሉታል፣ እውነት ምግቡን ያጥባል?

መ፦ የእናንተዎቹ ዘር በ1934 ከከተማችሁ ብዙም ሳይርቅ ኤደርዜ ሐይቅ ላይ ነው የተለቀቀው። ማጠቡ ግን ማጠብ አይደለም። መዳፉ ውሃ ሲነካው የመዳሰስ ስሜቱ ይጨምራል፣ የያዘውን ነገር በእጁ እያየ ነው ማለት ትችላለህ።

ጥ፦ ልጆቼ ካላሳደግን እያሉ ነው።

መ፦ ሜሪላንድ ውስጥ አይፈቀድም። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ አሳድገዋል ካሉሽ እውነት ነው። በ1926 ለምስጋና ቀን እንዲበላ ከሚሲሲፒ ተላከላቸው፣ እነሱ ግን አላረዱትም፤ ሬቤካ ብለው ስም አውጥተው ዋይት ሐውስ ውስጥ በማሰሪያ ያንሸራሽሯት ነበር። የአንቺ ኪችን ግን ዋይት ሐውስ አይደለም፣ ቁም ሣጥኑን በአንድ ሌሊት ነው የሚከፍተው።