ለአጎቴ የትኛው ሰንጢ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ለእረፍት ወደ ጎጃም ልሄድ ነው። አጎቴ ከኪሳቸው ሰንጢ የማይጠፋ ሰው ናቸው፤ ሸንኮራ ይልጡበታል፣ ገመድ ይቆርጡበታል። የድሮው ተሰብሯል። ምን ልግዛላቸው?

መልስ፦ ብዙ ነገር የታጨቀበትን የስዊስ ሰንጢ ተይው። መቀሱም ቡሽ መክፈቻውም ለእሳቸው ሸክም ነው። እኔ ብሆን የፈረንሳዩን ኦፒኔል ቁጥር 8 እገዛ ነበር፤ ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ኪስ ላይ አይከብድም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንገቱ ላይ ያለችውን ቀለበት ሲያዞሯት ስለቱ ስለሚቆለፍ ሸንኮራ ሲልጡ ጣታቸው ላይ አይታጠፍም። የማይዝገውን ምረጪ። የካርቦን ብረቱ በቀላሉ ይሳላል፣ ግን ብርቱካን ልጠው ሳይወለውሉ ኪሳቸው ከከተቱት ይዝጋል። አንድ እንከን አለው፤ እጀታው እንጨት ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል። እንዳይዘፈዝፉት ንገሪያቸው፣ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ትንሽ መሳያ ድንጋይም ጨምሪበት፤ የዶለዶመ ሰንጢ እየተንሸራተተ እጅ ይቆርጣል። አደራ፣ በእጅ ሻንጣ እንዳትይዥው፣ ፍተሻ ላይ ይወስዱብሻል። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ክተቺው።