ፍሪጅም ይበርደዋል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደብረ ብርሃን ላይ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። «ስለ ስልክም፣ ስለ መብራትም፣ የመጣላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት ጎረፈብኝ። ከሙያዬ ውጪ የሆነም አለበት፤ እሱንም አላለፍኩትም።

ስልኬ ጠዋት ጠዋት 25 ፐርሰንት እያለው ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቀን ላይ ምንም አይለው። ልጣለው? (ከመሐል ሜዳ)

አትጣለው ወንድሜ፣ ብርዱ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ኃይሉ እዚያው አለ፣ ግን ቶሎ መስጠት ያቅተዋል። ካሜራ ስትከፍት ስልኩ በአንዴ ብዙ ይጠይቀዋል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም ባትሪው ያለቀ መስሎት ይዘጋል። አዲስ ባትሪ ይችለዋል፤ እጅ የሚሰጠው ያረጀው ነው። ስለዚህ ባትሪውን ብቻ ቀይረው። እስከዚያው ጋቢህ ውስጥ ያዘው፣ እሳት ዳር ግን አታሙቀው። ውርጭ ያደረበትን ስልክም ወዲያው ቻርጅ ላይ አትሰካው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ የሚደርስበት ጉዳት አይመለስም።

ከጥቅምት እስከ ጥር ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋ ይቀልጥብኛል። ሚያዝያ ላይ ደህና ነው። ጋዝ አስሞላሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። (ከጠባሴ)

እትዬ፣ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ለጋዙ ያወጡት ገንዘብ ያሳዝናል፤ ፍሪጁ ጤነኛ ነው።

ከላይ ፍሪዘር፣ ከታች ማቀዝቀዣ ያለው ተራ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ቴርሞስታቱ አንድ ነው፣ እሱም የሚገኘው ታች ነው። በኅዳር ሌሊት የእርስዎ ወጥ ቤት 6 ወይም 7 ዲግሪ ይገባል። ታችኛው ክፍል ያለ ሞተር ቀዝቅዟል ማለት ነው። ቴርሞስታቱ «በቂ ነው» ይላል፣ ሞተሩ ይተኛል። ላይ ያለው ሥጋ ግን ከዜሮ በታች ይፈልጋል፤ ማን ያዳምጠው?

ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ይመልከቱ። «ኤን» የሚለው ፊደል ብቻውን ካለ፣ ፍሪጁ የተሠራው ከ16 ዲግሪ በታች ለማይወርድ ቤት ነው። «ኤስኤን» ከሆነ እስከ 10 ይችላል። የእኛን ኅዳር ሁለቱም አላሰቡትም። አንዳንዱ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ የብርድ ጊዜ ማብሪያ አለች። ስትበራ ታችኛውን ክፍል በጥቂቱ ታሞቅና ሞተሩን ታስነሳዋለች። ከሌለች ፍሪጁን ሰው ወደሚያድርበት ክፍል ያስገቡት። ሌላ ሰው ጋዝ ልሙላ ቢል እሺ እንዳይሉ።

እግረ መንገዴን፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁን ወዲያው አትሰኩ። አምስት ደቂቃ ያህል ይረፍ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረግብ ሲነሳ ነው የሚቃጠለው።

ምጣዴን በዲቫይደር ስሰካ ሶኬቱ ይሞቃል። ችግር አለው? (ከሸኖ)

አለው እንጂ! የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ገበያ ላይ ያለው ዲቫይደር አብዛኛው 10 ወይም 13 ነው የሚችለው፣ ያውም የተጻፈበት እውነት ከሆነ። እኔ ጋ የሚመጡትን ስፈታቸው ፕላስቲኩ ቡኒ ሆኖ፣ የናሱ ምላስ ላልቶ፣ ሽቦው ላይ ያለው ጎማ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እሳት ነው። ለምጣዱ ከብሬከር የሚነሳ የራሱ መስመር፣ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አስዘርጊ። ወጪው አይቀርም፤ ይውጣ።

የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ? በየሳምንቱ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ጥያቄው ወደ ሁሉም ቤት እየመጣ ነው። መንገድህን እንየው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመሐል የምታልፈው ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው። ከነጭነቱ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ዳገት ለመውጣት ብቻ 9 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያስፈልገዋል፤ በሜዳ ከሚበላው ላይ ተጨምሮ ማለት ነው። ባትሪው 50 ወይም 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ አትጨነቅ። ትንሿን መኪና ግን ሸዋ ሮቢት ላይ ሳትሞላ አትነሳ።

ደስ የሚለው ቁልቁለቱ ነው። የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ስትወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ይሠራል፣ ከዳገቱ ኃይል ጥሩ ድርሻ ይመልስልሃል፣ ፍሬንህም አይግልም። ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ያኔ እግርህ ፍሬን ላይ ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን ከተነሳህ ጣርማ በር እስክትደርስ ቦታ ይከፈትለታል። ጣርማ በር ላይ ሻሂ ልትጠጣ ስትቆም ባትሪውን እንዳትሞላው ብቻ። የከተማችንን ብርድም አትርሳ፦ በሙሉ ቻርጅ የምትሄደው ርቀት ጠዋት ላይ ይቀንሳል።

ሱቅ ውስጥ «በቴሌብር ከፍያለሁ» ብለው ስክሪን አሳይተውኝ ይሄዳሉ። ገንዘቡ ግን አልገባም። (ከአለም ከተማ)

የሰው ስክሪን ደረሰኝ አይደለም። ሥዕሉ የትናንት ሊሆን ይችላል፣ የተሠራም ሊሆን ይችላል። የራስህን ሂሳብ ሳታይ ዕቃ አትስጥ። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ። «በስህተት ላክሁልህ፣ መልስልኝ» የሚል ሲደውልም እንዲሁ፦ መጀመሪያ ሂሳብህን እይ፣ መልእክቱ የመጣው ከማን እንደሆነ እይ። ገንዘቡ የምር ገብቶ ከሆነም በእጅህ አትመልስ፤ 127 ይደውል በለው። አንተም ስትልክ ከማረጋገጥህ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም አንብብ። ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅህ ሰው፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ቢልም ዝጋበት።

የኔትወርክ ማማ ካንሰር ያመጣል ይላሉ?

ሞገዱ እንደ ራጅ ሴል የሚሰብር ዓይነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. «ሊሆን ይችላል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ያ ማለት ማስረጃው ደካማ ነው፣ ክትትል ግን ይቀጥላል። ከማማው ይልቅ ጭስ የሞላው ማድቤት ያሳስበኛል።

ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን በስፒከር የሚያወራውን ምን እንበለው?

«ጋሼ፣ እኛም ሰላም በልልን» በሉት።

ለእናቴ ስማርት ልግዛላት ወይስ ባለ ቁልፍ? (አዲስ አበባ ያለ የአንኮበር ልጅ)

እሷን ጠይቃት። ብዙ ልጆች ስማርት ይገዙና፣ እናትየው ሰፌድ ሥር ደብቃው በአሮጌው ትደውላለች። ባለ ቁልፉ ሳምንት ይቆይላታል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ገንዘብ ብትልክላትም በ*127# ታየዋለች። የልጅ ልጆቿን ፊት ማየት ከፈለገች ግን ስማርቱን ግዛ፤ ስትገዛም ፊደሉን አተልቀህ፣ የማትፈልገውን ሁሉ አጥፍተህ፣ ከጎኗ ተቀምጠህ አስለምዳት። ፋሲካ ስትሄድ ጊዜ ይኖርሃል።