የከተማ ቻርተር በፊርማ ማሻሻል፦ ሚኒያፖሊስ ላይ ያየሁት

እህቴ፣ «የሚኒያፖሊስን ቻርተር ለማሻሻል ፊርማ ልናሰባስብ ነው፤ ስንት ሰው ይበቃናል? ግሪን ካርድ ያለውስ መፈረም ይችላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቻርተር ማለት የከተማዋ አስተዳደር የቆመበት መሠረታዊ ሕግ ነው። የፊርማ ወረቀቱን ይዤ በየቤተክርስቲያኑ ደጅና በየካፌው ስለዞርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ግሪን ካርድ ያለው አይፈርምም። ከተማዋ ያለችበት የሚኒሶታ ስቴት ሕግ የሚቀበለው ከተማዋ ውስጥ የሚመርጥ፣ የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። ዜጋ ሆኖ ያልተመዘገበ ሰውም አይቆጠርም። በዚህ ቀልድ የለም። ዜጋ ሳይሆኑ መራጭ ነኝ ብሎ መፈረም የኢሚግሬሽን ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሰው ሳይጠየቅ ብዕር አይሰጠው።

ቁጥሩን በተመለከተ ቋሚ የሆነ የለም። በመጨረሻው የስቴት ጠቅላላ ምርጫ ከተማዋ ውስጥ ከተሰጠው ድምፅ 5 በመቶ ነው። ፕሬዚዳንት ከተመረጠበት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ያሻቅባል። እ.ኤ.አ. በ2021 የፖሊስ መምሪያውን በሌላ መምሪያ ለመተካት ፊርማ ሲሰበሰብ ወደ 12 ሺህ ያስፈልግ ነበር። አሰባሳቢዎቹ ከ20 ሺህ በላይ አስገቡ። ትርፉ የግድ ነው፤ ብዙ ፊርማ ሲጣራ ይወድቃል።

ለምን ይወድቃል? የእኛ ሰው ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዷ ትፈርምና «ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው፣ ለእሱም ልፈርምለት» ትላለች። በፍጹም አይሆንም። ፊርማ አሰባሳቢው እያንዳንዱ ሰው ፊቱ እንደፈረመ በቃለ መሐላ ያረጋግጣል፤ የምትዋሺው አንቺ ትሆኛለሽ ማለት ነው። ሌላው እንደ ብሩክሊን ሴንተር ወይም ብሉሚንግተን ወዳለ ጎረቤት ከተማ ከገባ ቆይቷል፤ ልቡ ግን ሚኒያፖሊስ ነው። የእሱም አይያዝም። አድራሻ ሳይሞላ የሚሄድም አለ። ፊርማው በቀለም እንጂ በተራ እርሳስ አይሁን። ጥያቄውን የሚያቀርቡ የአምስት መራጮች ስምና አድራሻም እያንዳንዱ ወረቀት ላይ መኖር አለበት።

የማሻሻያው ሙሉ ቃል ከወረቀቱ ጋር ይያያዛል። ከ1,000 ቃል ከበለጠ ግን ቻርተር ኮሚሽኑ (የቻርተሩን ጉዳይ የሚከታተለው አካል) ያጸደቀው አጭር መግለጫ ይበቃል። ሲያልቅ ለኮሚሽኑ ታስገባላችሁ፤ ከምርጫው 17 ሳምንት በፊት መሆን አለበት። የከተማው ጸሐፊ በ10 ቀን ያጣራል። ከጎደለ ለማሟላት ሌላ 10 ቀን ትሰጣላችሁ።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድታስቢበት የምፈልገው ነገር። የሞላ ፊርማም ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሰዓት የ15 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ በቻርተር ይግባ ተብሎ የሚፈለገው ፊርማ ሞላ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ከድምፅ መስጫው አስወጣው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቻርተሩ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሰጠው ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ ተራ ደንብ (ምክር ቤቱ የሚያወጣው የከተማ ሕግ) «የቻርተር ማሻሻያ» የሚል ስም ለብሶ ሊገባ አይችልም። በዚያው ዓመት ፖሊሶች የግል የሙያ ኢንሹራንስ ይግዙ የሚለውም ከስቴት ሕግ ጋር ስለሚጋጭ ቀረ። በሰዓት ተከፍሎት ለሚያድር ወገናችን የደመወዙ ነገር በጣም አንገብጋቢ ነበርና ብዙ ሰው አዝኖ ነበር። ደግነቱ በ2017 ምክር ቤቱ ራሱ 15 ዶላሩን በደንብ አጸደቀው።

ስለዚህ ወረቀት ከማሳተማችሁ በፊት የከተማ አስተዳደር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። ጉዳያችሁ የአስተዳደር አወቃቀር ከሆነ መንገዱ ይኸው ነው። ደንብ ከሆነ ወደ ምክር ቤት አባላችሁ ሂዱ። ሴይንት ፖል የምትኖሩ ካላችሁ እዚያ መራጩ ደንብንም በፊርማ ማቅረብ ይችላል፤ በ2021 የቤት ኪራይ ጭማሪን በዓመት 3 በመቶ ላይ የገደበው እንዲህ ነው ያለፈው።

ድምፅ መስጫው ላይ ከደረሳችሁም ለመጽደቅ በጥያቄው ላይ ከተሰጠው ድምፅ 51 በመቶ ያስፈልጋል። ያ የ2021ዱ የፖሊስ ጥያቄ ፊርማው ሞልቶለት፣ 56 በመቶ ገደማ መራጭ እምቢ ብሎት ወድቋል።

ልትቀይሩት ያሰባችሁትን አንቀጽ እዚሁ ጻፊልን። የቻርተር ነው ወይስ የደንብ የሚለውን አብረን እናየዋለን።