ፕሪንተርዎ ወረቀት እየያዘ ካስቸገረ፣ ሮለር ከመግዛትዎ በፊት

የጻፉልኝ ችግር ይህ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የቢሮዎ ሌዘር ፕሪንተር ሁለት ሦስት ወረቀት አንድ ላይ ይስብና መሃል ላይ ይይዛል። ጎትታችሁ አወጣችሁት። አሁን ደግሞ ውስጡ ወረቀት ሳይታይ «ፔፐር ጃም» ማለቱን አልተወም። ያዩት ባለሙያ ወረቀት የሚስበው ሮለር ይቀየር ብለዋል።

ለመግዛት አይቸኩሉ። ሮለር ሲያልቅ ወረቀት መሳብ ያቅተዋል፤ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ሁለት ሦስት አንድ ላይ ሲሳብ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ከሮለሩ ሥር ሴፓሬሽን ፓድ የምትባል ትንሽ ጎማ አለች። ሥራዋ የላይኛውን ወረቀት አሳልፋ የታችኛውን መያዝ ነው። ስታልቅና ስትለሰልስ ወረቀቱ ተያይዞ ያልፋል። አንዳንድ ማሽን ላይ በእሷ ፈንታ ሁለተኛ ሮለር ይኖራል።

ከፓዷም በፊት ግን የምጠረጥረው ወረቀቱን ነው፤ ችግሩ የመጣው ከክረምቱ ጋር ነዋ። ተከፍቶ የከረመ እሽግ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የጠጣ ወረቀት እርስ በርሱ ይጣበቃል። ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው፣ ወደ 200 ዲግሪ የሚግለው ፊውዘር ውስጥ ሲገባም ይጠቀለላል። ስለዚህ አዲስ የ80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት እሽግ ይክፈቱ። ወረቀቱን በደንብ ያራግቡት። ትሪው ላይ ካለው የመጠን ምልክት በታች ይሙሉት። የጎን መያዣዎቹ ወረቀቱን ይንኩት እንጂ አይጨምቁት። በዚህ ከተስተካከለ ምንም የሚገዛ ዕቃ የለም። ካልተስተካከለ ሮለሩንና ፓዷን ብናኝ በማይተው፣ በውሃ ትንሽ በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ። ያም ካልሠራ ፓዷ ትቀየር።

ወረቀት ሳይኖር «ፔፐር ጃም» የሚለው ደግሞ ሲጎተት ተቀዶ በቀረ ቁራጭ ይመስለኛል። ወረቀት ሲያልፍ የሚጫናት ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች። ቁራጭ ከተጫናት ማሽኑ ወረቀት አለ ብሎ ያስባል። ፕሪንተሩን ከሶኬት ነቅለው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቀዝቅዙት። ቶነሩን አውጥተው በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ብርሃን ድራሙን፣ ማለትም ምስሉ የሚቀረጽበትን ሲሊንደር፣ ይጎዳዋል። የኋላውንም በር ከፍተው በስልክ መብራት ይፈልጉ። ምላሷን በጣት ቀስ አድርገው ሲነኳት ተመልሳ መቆም አለባት። በመቀስ ወይም በካቻቪት አይጎርጉሩ። ድራሙ ከተጫረ በየገጹ መስመር ይወጣል።

ለወደፊቱ ሲይዝ በሁለት እጅ፣ ቀጥ አድርገው፣ በቀስታ ይሳቡ። የተቻለ እንደሆነ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በአንድ ጎኑ የታተመን ወረቀት ገልብጣችሁ ትሪው ውስጥ አትክተቱ። ቁጠባ መሆኑ ይገባኛል። ግን አንዴ በፊውዘር ያለፈ ወረቀት የመጠቅለል ጠባይ ይይዛል። የተረሳ የስቴፕለር ሽቦ ካለበትም የፊውዘሩን ስስ ሽፋን ይቀደዋል፤ ይህ ከሮለርም ከፓድም የከበደ ወጪ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ለእጅ ጽሑፍ ይዋል።

ወረቀቱ ሁልጊዜ መውጫው ላይ የሚቆም ወይም ተጨማዶ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ፊውዘሩ ጋ ነው። እሱን ራስዎ አይፍቱ፤ ለባለሙያ ይስጡት።