ርካሽ ፓምፕ ሾትገን ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

እዚህ አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ስለ ፓምፕ ሾትገን (የፊት መያዣው በእጅ እየተሳበና እየተገፋ ጥይት ስለሚጎርስ ጠመንጃ) የላካችኋቸው ጥያቄዎች በዝተዋል። ዛሬ የተወሰኑትን ልመልስ።

«ማቬሪክ 88 እና ሞስበርግ 500 የአንድ ኩባንያ ናቸው ይባላል። ታዲያ ለ500 ለምን ተጨማሪ ገንዘብ አወጣለሁ?» (ከዳላስ)

እውነት ነው፣ ማቬሪክም የሞስበርግ ነው። ውስጣቸው በጣም ይመሳሰላል። የጥይት ቱቧቸው ርዝመት እኩል ከሆነ የአንዱ በርሜል ለሌላው ይገጥማል። ዋናው ልዩነት ሴፍቲው፣ ማለትም ድንገት እንዳይተኮስ የሚያግደው ቁልፍ ነው። በ500 ላይ ከላይ፣ ከአውራ ጣትህ ስር ታገኘዋለህ። በማቬሪክ ግን ምላጩ አጠገብ በጎን የሚገፋ ቁልፍ ነው። እኔ ብሆን ማቬሪኩን ገዝቼ በተረፈኝ ገንዘብ ጥይት እገዛለሁ፣ አሰልጣኝ ይዤም ተኩስ መለማመጃ እሄዳለሁ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፓምፕ ላይ ቀለሁን አውጥቶ አዲስ ጥይት የሚያጎርሰው የራስህ ክንድ ነው። ጀማሪ ሰው፣ በተለይ ሲደነግጥ፣ የፊት መያዣውን እስከ መጨረሻው አይስበውም። ያኔ ባዶው ቀለህ አይወጣም፣ ወይም ቀጣዩ ጥይት አይጎርስም። ብዙዎች «ርካሽ ስለሆነ ነከሰብኝ» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ግን የጎደለው ልምምድ ነው። ባሩድ በሌለው የመለማመጃ ጥይት ደጋግመህ ሳብ፣ ግፋ፤ ክንድህ ይልመደው።

«ግራኝ ነኝ። ለውጥ አለው?»

አለው። ከላይ ያለው ሴፍቲ ለሁለቱም እጅ እኩል ይመቻል። ላንተ 500 ይሻልሃል።

«ቁመቴ አጭር ነው፤ 12 ጌጅ ትከሻ ይሰብራል አሉኝ። 20 ጌጅ ልግዛ?» (ከአትላንታ)

እህቴ፣ ቁጥሩ እንዳያደናግርሽ፤ ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል። 20 ጌጅ በአብዛኛው ትከሻ ላይ ይቀላል። ከሱ በፊት ግን ሰደፉን ለኪ። ክንድሽን አጥፈሽ የሰደፉን ጫፍ ከክርንሽ መታጠፊያ ጋር አስጠጊው። ጣትሽ ምላጩ ላይ ሳትንጠራሪ ካልደረሰ ጠመንጃው ላንቺ ረጅም ነው። ሞስበርግ ሰደፉ ያጠረ «ባንታም» የሚባል ይሠራል። ሱቅ ሄደሽ ትከሻሽ ላይ ሳታስደግፊ እንዳትገዢ።

«ያገለገለ ሬሚንግተን 870 ኤክስፕረስ በርካሽ አገኘሁ። ልውሰደው?»

870 እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚሠራ፣ አካሉ ብረት የሆነ ጎበዝ ጠመንጃ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2020 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት በነበሩት ዓመታት በተመረቱት ኤክስፕረሶች ላይ ግን ስለ ዝገትና ጥይቱ ስለሚጎርስበት የበርሜል ክፍል ሻካራነት ቅሬታ በዝቶ ነበር። ሻካራ ከሆነ ቀለሁ ይጣበቃል። ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ፣ በባትሪ ውስጡን እየው። ዝገት ካየህ ተወው። ከግለሰብ የምትገዛ ከሆነ ግዢውን ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ጨርስ።

«ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ዜጋ የሆነ ጓደኛዬ በስሙ ቢገዛልኝስ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

በፍጹም! በሱቁ የሚሞላው ቅጽ 4473 ትክክለኛው ገዢ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ጓደኛህ ባንተ ገንዘብ ላንተ እየገዛ «እኔ ነኝ» ብሎ ከፈረመ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ አንተንም ሊያስባርርህ የሚችል ጣጣ ውስጥ ይከትሃል። የሚያሳዝነው ደግሞ አያስፈልግህም። ቋሚ ነዋሪ፣ ሌላ የሚከለክለው ነገር እስከሌለ ድረስ፣ በፌዴራል ሕግ በራሱ ስም መግዛት ይችላል። ዕድሜና ፈቃድ ላይ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የሜሪላንድን ከነጋዴው ጠይቅ።

«ትንንሽ ልጆች አሉን። አልጋ ስር ቢቀመጥ ችግር አለው?»

ትልቅ ችግር አለው። ቁም ሳጥን ላይም አይሆንም፤ ልጆች ወንበር ያስጠጋሉ። ጠመንጃው ባዶውን፣ ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ይቀመጥ። ጥይቱ በሌላ ሳጥን ይቆለፍ። ቁልፉም ልጆቹ ከማያገኙት ቦታ ይሁን። ሳጥኑን ከጠመንጃው በፊት ግዙ።